ሁለተኛው ኮድ

መጋቢት 11 ቀን

ለምወድሽ እታለም፣

ደህና ነን ብዬ ብጀምር አታምኚኝም። አባዬ ይበላል፤ ግን ሳህኑን ሳያይ ነው። እኔ ወደ ትምህርት ቤት ተመልሻለሁ። ወንድማችን ከሞተ ስድስት ሳምንት ሆነው፤ አልጋው እስካሁን እንደተነጠፈ ነው።

ባለፈው እሑድ ደውለሽ «መኪናዋን መርጬ የላክሁለት እኔ፤ የገደልኩት እኔ» ስትዪ ከአባዬ ጎን ቆሜ እሰማ ነበር። ይህን የምጽፍልሽ ለዚያ ነው።

እሱ የሞተ ቀን ጠዋት ዳሽቦርዱ ላይ የሞተር መብራት በርቶ ነበር። እንዲህ ሲሆን ከመሪው ሥር የምንሰካው ትንሽ መሣሪያ አለን፤ የመኪናዋ ኮምፒውተር የመዘገበውን ችግር በኮድ ያሳያል። ጽሑፉ በፈረንጅ ፊደል ስለሆነ አንባቢው እኔ ነበርኩ። ወንድማችን ቤቱን ለመደገፍ ብሎ ትምህርቱን ገና በልጅነቱ እንደተወ ታውቂያለሽ።

«ዶክተር፣ ምን አመማት?» አለኝ።

ፈተና ረፍዶብኝ ነበር። «የነዳጅ ክዳኑ ላልቷል፤ ሂድና አጥብቀው።»

«ሌላ የለም?»

«ካላመንከኝ ራስህ አንብበዋ።»

እንደማይችል እያወቅሁ ነው ያልኩት። እሱ ግን ሳቀ። «እሺ ባለዲግሪው፣ እንዳልክ» ብሎ ክዳኑን ሊያጠብቅ ዞረ። እኔም ኮዱን አጠፋሁት፤ መብራቱም አብሮ ጠፋ።

እታለም፣ የስክሪኑ ጥግ ላይ «1/2» ይል ነበር። ከሁለቱ አንዱን ብቻ ነው ያነበብኩት። ቀስቱን አንዴ ብጫን ሁለተኛው ይመጣ ነበር። ማጥፊያው ግን ሁለቱንም ነው የሚያጠፋው።

ከሰዓት በኋላ ዳገቱ ላይ ሞተሩ ድንገት ቀጥ አለበት። ኮፈኑን ከፍቶ ሲያይ ያ ጭነት መኪና ከኋላ መጣ። ቀሪውን ነግረውሻል።

ሜካኒኩ መኪናዋን ሲመረምር አንድም ኮድ አላገኘም። «ኮዱ ከተደመሰሰ ወዲህ የሄደችው ሠላሳ ኪሎ ሜትር ነው ይላል መሣሪያው» አለ። «የዚያኑ ዕለት ነው ማለት ነው። ኮዱን ሳይጽፍ የሚያጠፋ ሰው ዐይኑን ጨፍኖ ይነዳል። ማነው ያጠፋው?»

አባዬ «ማን ይሆናል፣ ራሱ ነዋ። ችኩል ነበር» አለ።

እኔ ቦርሳዬን ታቅፌ ከአጠገባቸው ራቅሁ። ከዚያ ወዲህ አባዬ ሊያጽናናው ለመጣ ሁሉ «ልጄን ችኮላው በላው» ይላል፤ እኔ ደግሞ ሻይ እቀዳለሁ።

ሁለተኛው ምን እንደነበር ከእንግዲህ የሚያውቅ የለም። ሞተሩን ያጠፋው ችግር እሱ ሊሆን ይችላል፤ የማይረባም ሊሆን ይችላል። አንዳንድ ቀን የማይረባ ነበር ብዬ ራሴን አሳምንና እስከ ምሳ ድረስ ይይዝልኛል።

አንቺ ግን መኪናዋን የመረጥሽው እሱን ወደሽ ነው። መኪናዋም የሚሰማትን ተናግራ ነበር።

ይህ ደብዳቤ ከደረሰሽ በኋላ በመጀመሪያው እሑድ ስትደውዪ ቶሎ አትዝጊ። ስልኩን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጬ ድምፁን ከፍ አደርገዋለሁ። ለአባዬ ብቻዬን ልነግረው ሦስት ጊዜ ሞከርኩ፤ አፌ እምቢ አለኝ። አንቺ እየሰማሽ ከሆነ የምጀምር ይመስለኛል። ጀምሬ መጨረስ ካቃተኝ ይህን አንብቢለት። «እንደማይችል እያወቅሁ» የሚለውን እንዳታልፊው።

እስከዚያ ድረስ እንቅልፍ አይንሳሽ፤ ያለሽበት ይመችሽ።

ታናሽ ወንድምሽ