ፀበል የጠገበው ቤጎኒያ

ጥቅምት 12፣ 2001
ሕሊና እህቴ፣ ቤጎኒያሽ ዛሬ ሁለት ቅጠል ጣለ። ደህና አደርሽም ሳልል ወሬ ጀመርኩ አይደል? ታውቂኛለሽ። የሒሳብ ፈተና ነበር... ተይው። ሳሊም ከእኔም ባሰ፣ እሱ ግን ይስቃል። ደባርቅ ብርዱን ጀምሯል። ሹራብሽን የምለብሰው እኔ ነኝ፣ አትቆጪ።

እማዬ እዚህ ናት። አርባሽ ከወጣ በኋላ "ብቻህን አትሆንም" ብላ ከጃናሞራ አብራኝ መጣች። አልጋሽ ላይ ትተኛለች።

ጥቅምት 16
ገባኝ! እማዬ በየጠዋቱ በሃይላንድ ፀበል ታመጣለች። እሷ ትጠጣለች፣ እኔን ታጠጣኛለች። የተረፈው እግር የሚረግጠው ቦታ አይደፋማ። የት ይደፋል ታዲያ? ቤጎኒያሽ ላይ። በየቀኑ! ለቅሶ ሊደርስ የሚመጣውም ፀበል ይዞ ነው የሚመጣው።
እንዴት ብዬ "ፀበል አበዛሽበት" ልበላት?

ጥቅምት 19
አከራያችንን እትዬ ረህማን ጠራኋቸው። ግንዱን በጣታቸው ጫን ጫን አደረጉት።
"ይሄ እኮ ሰምጧል! ውሃ ቀንሱለት።"
"ፀበል ነው፣ እትዬ።"
እጃቸውን ሰበሰቡ። "እንግዲያ እኔ የለሁበትም። ቄሳችሁን ጠይቅ።"
ልጃቸው ሳሊም ከበሩ ላይ ሆኖ፣ "ዋና አስተምረው!" ይለኛል። ባለጌ።

ጥቅምት 23
እማዬ ቢጫዎቹን ቅጠሎች ለቀመች። "አበባዋ እንኳ አልቆመም። ይሄ ቤት አይሆንህም፣ ደርቤ። እሱ ከደረቀ እቃችንን ሸክፈን አገራችን እንገባለን።"
"ትምህርቴስ?"
"ጤና ይበልጣል።"
አሥረኛ ክፍልን አቋርጬ? አባዬን ተከራክረሽ ያስገባሽኝ አንቺ አይደለሽ?

ጥቅምት 24
ቄስ ወልደ ሩፋኤል ዘንድ ሄድኩ።
"አባ፣ ፀበል ሲበዛ ይጎዳል?"
"ማንን?"
"አበባ።"
መስቀላቸውን እንደያዙ ሳቁ... ከሰዓት ቤት ድረስ መጡና እማዬን፣ "ዘቢደር፣ የምትጠጡትን ያህል ብቻ ቅጂ። ካልተረፈ አይደፋም" አሏት። እሺ አለች። በቃ! ይሄን ያህል ቀላል ነበር?

ጥቅምት 25
ዘግይተናል። ግንዱ ከታች በስብሷል። እትዬ ረህማ፣ "ጤነኛውን ጫፍ ከአንጓው ሥር ቁረጥና ብርጭቆ ውሃ ውስጥ አቁመው" አሉኝ። ቆረጥኩ። ይቅርታም ጠየቅኩት፣ ለማንም እንዳትነግሪ።
እማዬ ቆማ ታየኛለች። "ውሃ በዛበት ብለህ ውሃ ውስጥ ከተትከው?"
እኔም አልገባኝም።

ኅዳር 3
ሥር የለም።

ኅዳር 11
ሌሊት አመዳይ ወረደ። ብርጭቆውን ከመስኮቱ አንስቼ ራስጌዬ አድርጌዋለሁ። ሥር አሁንም የለም። እማዬ ስለ እቃ መሸከፍ ደግማ አነሳች። "ትንሽ ጠብቂ" አልኳት። እስከ መቼ?

ኅዳር 20
ሥር! ነጭ፣ እንደ ክር። እማዬን ጮኼ ጠራኋት። ብርጭቆውን ወደ ብርሃኑ አንስታ ብዙ አየችው።
"ይሄስ ይኖራል" አለች። ቆይታ ደግሞ፣ "አጨዳው ደርሷል፤ አባትህም ብቻውን ነው..."
"እኔስ?"
"አንተማ ተማር እንጂ!"
ሳቅን። ከዚያ አለቀስን። ከዚያ ራት በላን።

ኅዳር 26
እማዬ ትናንት በአውቶቡስ ሄደች። ዛሬ ጠዋት ብቻዬን ነቃሁ። በሶ በጥብጬ ጠጣሁ። ጓጎለብኝ። ከዚያ ቤጎኒያው ተተክሎበት የነበረውን ባዶ የዘይት ቆርቆሮ ገልብጬ አየሁት። ሕሊና በስታው አታውቅም፤ ውሃው መውጫ አልነበረውም። ሚስማርና ድንጋይ ፈልጌ መብሳት ጀመርኩ። ኳ! ኳ!
እትዬ ረህማ ከግድግዳው ማዶ፣ "ማነው በጠዋት ቤት የሚሠራው?"
"እኔ ነኝ፣ እትዬ!"
"ብቻህን?"
"ብቻዬን።"
"እንግዲያ ቶሎ ጨርስ፣ እንተኛበት!"
ጨረስኩ። አፈር ሞልቼ ተከልኩት። ትንሽ ውሃ አፈሰስኩ። ጎንበስ ብዬ አየሁ... ከታች ጠብ ጠብ አለ። ደብተሬን ይዤ ሮጥኩ።