የጠበቃ ኢሊፋሌት ዌዘርቢ የደብዳቤ ሣጥን

ጠበቃ ኢሊፋሌት ዌዘርቢ ከአባታቸው ከቆዳ ፋቂው ከጆሳያ ዌዘርቢ እና ከእናታቸው ከሄፕዚባ ሉሚስ፣ በ1731 ዓ.ም. በመጋቢት ወር፣ በኮኔቲከት ሚልብሩክ መንደር ተወለዱ። ይህን የምጽፈው ታናሽ እህታቸው ዶርካስ ነኝ። የሚያነቡልኝ ፓስተራችን ናቸው፤ አደራ፣ አንድም መስመር እንዳይዘሉብኝ።

ፊደል ከእናታቸው ቆጥረው፣ ላቲን ከቀድሞው ፓስተር ተምረው፣ በ1752 በኒው ሄቨን ኮሌጅ ትምህርታቸውን አጠናቀቁ። ከዚያም ሃርትፎርድ በነበሩ አንድ ጠበቃ ዘንድ ሕግ ሊያጠኑ ገቡ። ሕግ ማጥናት ማለት ያኔ ቀኑን ሙሉ የሌላ ሰው ደብዳቤ መገልበጥ ነበር። ወንድሜ ከዚያ ይዘውት የመጡትን ልማድ እስከ ዕለተ ሞታቸው አልተዉም፤ የጻፉትን ሁሉ ቅጂ ያስቀራሉ፣ የደንበኛን ጉዳይ ከቤታቸው ጉዳይ ጋር በአንድ ወረቀት አይጽፉም።

በ1756 የጥብቅና ፈቃድ አግኝተው ወደ ሚልብሩክ ተመለሱ። በ1761 ወይዘሮ መሂታቤል ስቶርስን አግብተው ሦስት ልጆች አፈሩ፤ አንዱን በጨቅላነቱ በፈንጣጣ አጥተዋል።

በዚህ መንደር ጉዳዩን ለእሳቸው ያላዋየ ቤተሰብ ጥቂት ነው። የድንበር ክርክር፣ የውርስ ጠብ፣ ከጋብቻ በፊት የተጸነሰ ልጅ፣ ሁሉም በደብዳቤ ተጽፎ ቅጂው በኦክ ሣጥናቸው ገብቶ ይቆለፍበታል። አንድ ቀን እኔው እህታቸው፣ «የነእገሌ ነገር ከምን ደረሰ?» ብላቸው፣ «ዶርካስዬ፣ ሾርባሽ እየቀዘቀዘ ነው» አሉኝ። እስኪበርድልኝ ድረስ ሳምንት አኮረፍኳቸው።

በ1777 ክረምት የደረሰውን ብዙዎቻችሁ ታስታውሱታላችሁ። አገሩ ከእንግሊዙ ንጉሥ ጋር ሲዋጋ፣ ባላቸው ወደ ንጉሡ ወገን የኮበለለባቸው ወይዘሮ ሊዲያ ኮትል በቤታቸው ብቻቸውን ቀርተው ነበር። የመንደሩ ኮሚቴም ቤቱን የከሃዲ ንብረት ነው ብሎ ሊወርሰው አሰፍስፏል። ቤቱ ግን ከአባታቸው የወረሱት እንጂ የባላቸው አልነበረም። ወንድሜ ይህን የሚያስረዳው ውል፣ ኮሚቴው አግኝቶ እንዳያጠፋው ለጊዜው እንዲደበቅ አድርገው፣ ያለበትን ቦታ ለወይዘሮ ሊዲያ ጻፉላቸው። በዚያው ቀን ለመሂታቤልም ጻፉ፤ እሷ የታመሙትን አባቷን ልታስታምም እርሻቸው ሄዳ ነበር። ሁለቱንም ወረቀት አጥፈው በሰም አተሙና ስሞቹን በወረቀቶቹ ጀርባ ጻፉ። ወንድሜ በሕይወታቸው የሠሩት ትልቅ ስህተት ይኸው ነው፤ ስሞቹ ተለዋወጡ።

ኮሚቴው ባሎቻቸው ለከዱ ሴቶች የሚላክ ደብዳቤ መክፈት የጀመረው በዚያው ሳምንት ነው። ለወይዘሮ ሊዲያ ተብሎ የተላከው ከመልእክተኛው እጅ ተነጥቆ መጠጥ ቤቱ ውስጥ ጮክ ተብሎ ተነበበ። «የእኔ ውድ፣ ጥቁሯ መንታ መውለዷን ሰማሁ። ሁለቱን ከጫካው በስተጀርባ ደብቂያቸው፣ ወታደሮቹ ካዩአቸው አይተርፉም። ግንባሩ ላይ ነጭ ያለበት ደካማ ነው ብለሻል፤ በእጅሽ አጥቢው። ወንበርሽ ላይ ድመቷ ተኝታበታለች፣ ማስነሳት አቃተኝ። ቶሎ ነይልኝ» ይላል።

ለሰው ሚስት! ወንድሜ በአንድ ወረቀት ሰላይም አመንዝራም ተባሉ። ወህኒ አስገቧቸው፤ በሦስተኛው ቀን ሸንጎ ፊት አቆሟቸው። አዳራሹ ጢም ብሎ ሞልቶ፣ ከውጭ ከሃዲ ተቀብቶ ላባ የሚነሰነስበት ሬንጅ እየሞቀ፣ ሽታው በመስኮት ይገባ ነበር። እኔ ከኋላ ቆሜ ነበር።

የኮሚቴው ሊቀ መንበር ዲያቆን አሳሄል ፕራት፣ «አቶ ዌዘርቢ፣ እነዚህ መንቶች የየትኛው ክፍለ ጦር ናቸው?» አሉ።

«የጥቁሯ ላም» አሉ ወንድሜ።

ሰዉ አሽካካ። «ሣጥንዎን ይክፈቱና ቅጂዎን ያሳዩን» ሲሏቸው፣ «ሣጥኑ የእኔ አይደለም» አሉ። «ተሳስቼ ነው፣ ለሚስቴ የጻፍኩት ነው» ማለት ብቻ ይበቃቸው ነበር። ግን ያን ቢሉ ፈረሰኛ ወደ መሂታቤል ይጋልባል፣ ሁለተኛው ደብዳቤ ይያዛል፣ ወይዘሮ ሊዲያም ቤታቸውን ያጣሉ። ከከሳሾቻቸውም መካከል የገዛ ገመናቸው በዚያው ሣጥን ውስጥ የተቆለፈ ሰዎች ነበሩ። ወንድሜ ያን አንስተው ሊያስፈራሯቸው ሲችሉ ትንፍሽ አላሉም። እኔ ብሆን ኖሮ አንድ በአንድ እዘረግፈው ነበር፤ እውነቱን ነው የምናገረው።

ሬንጁን የያዙት ሰዎች ሲገቡ በሩ እንደገና ተከፈተ። መሂታቤል ነበረች፣ እስከ ጉልበቷ ጭቃ። ሁለት ጥጆች በገመድ እየጎተተች እስከ ዲያቆኑ ጠረጴዛ መጣች። የአንደኛው ግንባር ነጭ ነው።

«ደብዳቤው የእኔ ነው» አለች። «መንቶቹም እነዚሁላችሁ። ቁጠሯቸው።»

«ታዲያ ለወይዘሮ ኮትል የተጻፈው የት አለ?» አሉ ዲያቆኑ።

«ገንፎ አበሰልኩበት።»

«ምን ይላል?»

«እኔን አይመለከትም ብዬ ነው እኮ እሳት ውስጥ የከተትኩት! ደግሞ ዲያቆን፣ የትኛው ሰው ነው ለውሽማው ስለ ድመት የሚጽፈው?»

ግንባሩ ነጭ የሆነው ጥጃ የዲያቆኑን እጅጌ ይጠባ ጀመር። ሬንጅ የያዙት ገበሬዎች ራሳቸው ባልዲውን አስቀምጠው ሳቁ። ወንድሜ ግን አልሳቁም፤ ጥጃውን አቅፈው አለቀሱ። ሣጥኑን አልከፍትም በማለታቸው አንድ ዓመት ከችሎት ታገዱ፤ እሱ ሲያበቃ ያን ውል ይዘው፣ ኮሚቴው እስከዚያ የያዘውን የወይዘሮ ሊዲያን ቤት አስመለሱ። ወይዘሮዋ ዛሬም ወደ ቀብሩ የመጡት ከዚያው ቤት ነው።

ጠበቃ ኢሊፋሌት ባደረባቸው የሳል ሕመም ሲሰቃዩ ቆይተው፣ በዚህ በ1794 የካቲት 11 ቀን በተወለዱ በ62 ዓመታቸው አርፈዋል። ባለቤታቸው መሂታቤል፣ ልጆቻቸው ሩፎስና ኬዚያ፣ አራት የልጅ ልጆች፣ እና እኔ ቀርተናል።

ካረፉ ወዲህ ለቅሶ ልትደርሱ የመጣችሁ ሁሉ ዓይናችሁ ከጽሕፈት ክፍላቸው በር ላይ አልነቀል አለ። «ወረቀቱን በማደራጀት ላግዛችሁ» ያላችሁንም አንረሳም፤ ዲያቆን ፕራት፣ እግዚአብሔር ይስጥልን። ሣጥኑ ባዶ ነው። የጥጆቹ ደብዳቤ ከመሂታቤል ጋር ቀርቷል። የቀረውን «ከእኔ ጋር ቅበሩት» ብለው ስለተናዘዙ፣ እኔና እሷ አንድም ሳናነብ በአስከሬን ሣጥናቸው እስከ አንገታቸው ሞልተንላቸዋል።

ዛሬ ጠዋት ከቤት ስታወጧቸው፣ «በሕመም ያለቀ ሰው እንዴት ይህን ያህል ይከብዳል?» ስትባባሉ ሰምቻለሁ። እሳቸውማ ላባ ነበሩ። የከበዳችሁ የራሳችሁ ነው፤ እስከ መቃብሩ ቀስ ብላችሁ ተሸከሙት።

እሳቸው የሰውን ገመና እንደሸፈኑ፣ እግዚአብሔር በደላቸውን ይሸፍንላቸው። አሜን።