ሰባት ቤት ያስቆጠረ ደም

ይድረስ ለማከብርዎትና ለምወድዎት አባቴ ለአቶ ጥዑመልሳን፤

አባባ፣ እንደምን ከርመዋል? ጉልበትዎ እንዴት ነው? ክረምት ሲገባ የሚያስቸግርዎት ቁርጥማት ዘንድሮስ ራራልዎት? እማማስ ዓይኗን ታከመች ወይስ አሁንም ነገ እሄዳለሁ እያለች ነው? እህቴ አቢጋኤል ፈተናዋን አለፈች? እኔ፣ ምስጋና ለእግዚአብሔር ይሁንና፣ ቆሜ እሄዳለሁ። ቆሜ እሄዳለሁ ያልኩት ለወጉ ያህል አይደለም፤ ምክንያቱን ከታች ያገኙታል። ሲያነቡት ግን አይደንግጡ፤ ለእማማም ቀስ ብለው ይንገሯት።

ጽሕፈቴ ቢንጋደድ ይቅር ይበሉኝ። ነጋዴው ፈረጅ ዕቃ ሊያመጣ ወደ ጅማ ይሄዳል፤ ደብዳቤውን እዚያ ፖስታ ቤት እንዲያስገባልኝ ለምኜዋለሁ። መኪናውን በር ላይ አስነሥቶ ዝናቡ ሳይቀድመኝ ጨርሺ እያለ ይጮህብኛል። እኔም ብሆን ሰሞኑን አንድ ቦታ መቀመጥ አቅቶኛል። ሁለት መስመር ጽፌ እነሣለሁ፣ መስኮቱ ጋ ደርሼ እመለሳለሁ።

እዚህ ጋምቤላ ክረምት ሲገባ ሆስፒታላችን ደም ይጠፋበታል። በሌላው ወራት የሚሰጡን ተማሪዎች ናቸው፤ ሰኔ ሲያልቅ ትምህርት ቤት ይዘጋና ሁሉም ወደየቤተሰቡ ይበተናል። ወባ ደግሞ የምትበረታው በዚያው ሰሞን ነው፤ ሕፃናቱ ከንፈራቸው ነጥቶ ይመጡልናል። ስለዚህ ከላቦራቶሪ ሥራዬ ጎን ለጎን ካለፈው ዓመት ጀምሮ በየመሥሪያ ቤቱ እየዞርኩ ሠራተኛውን ደም አስለግሳለሁ። ክልሉ አዲስ ነውና በየጊዜው አዲስ ቢሮ ይከፈታል፤ ሠራተኛው ገና ወንበሩን ሳይለምድ እኔ ክንዱን እይዛለሁ። መርፌዋ መጣች እያሉ ሲሸሹኝ ለምጄዋለሁ።

የዘውዱን መሥሪያ ቤት ያስለገስኩት በግንቦት መጨረሻ ነበር። በሚያዝያ ሽማግሌ የላከውን፣ እርስዎም በእናቱም በአባቱም ሰባት ቤት ቆጥረው ዝምድና እንደሌለን ካረጋገጡ በኋላ ለጥር የፈቀዱለትን ዘውዱን ማለቴ ነው። መርፌ ይፈራል፤ ቢሆንም ዓይኑን ጨፍኖ ሰጠ። በሰኔ እኔን ወባ ጣለኝ። አልነገርኳችሁም። ደሜ አልቆ ራሴን ስቼ ነበር፤ አንድ ከረጢት ደም ተሰጥቶኝ ተረፍኩ። በከረጢቱ ላይ ቁጥር እንጂ ስም አይጻፍም። ሲሻለኝ ግን አላስችል አለኝና መዝገቡን ገልጬ ቁጥሩን አየሁ፤ የዘውዱ ነው። አባባ፣ አለቀስኩ።

ዝም ብል ምን ነበረበት? ሐምሌ ሁለት ቀን ያልሰጡትን ልቀሰቅስ እዚያው መሥሪያ ቤት ተመልሼ ሄድኩና፣ ሠራተኛው ፊት ቆሜ፣ ዛሬ በእግሬ የቆምኩት በዘውዱ ደም ነው አልኩ። ያጨበጭባሉ ብዬ ነበር። የአገራችን ሰው የሆኑ አንዲት አንጋፋ ጸሐፊ ነጠላቸውን አስተካክለው፣ እንግዲህ ጋብቻው ቀረ፣ ሥጋ ዘመድ ሆናችኋል፣ ምን ሰባት ቤት፣ አንድ ቤት ናችሁ አሉ። ጥበቃው ኳች ደግሞ ከበሩ ላይ ሆኖ፣ እኛ ኑዌሮችም ዘንድ ደማቸው አንድ የሆነ አይጋቡም፣ ነውር ነው አለ። በስብሰባ ሰዓት እንኳ የማይስማሙ ሰዎች በዚህ ባንድ ቃል ተስማሙ። ካፍ ከወጣ አፋፍ ነውና መመለስ አልቻልኩም።

የቤተ ክርስቲያናችንን ቄስ ጠየቅኩ። ስቀው፣ የሚከለከለው አብሮ የተወለደ ደም እንጂ በመርፌ የገባ አይደለም አሉኝ። ይህንን ለሠራተኞቹ ብነግራቸው፣ ቄሱ ስለ መርፌ ምን ያውቃሉ አሉ። ዶክተሩን ይዤ ሄድኩ፤ የተሰጣት ደም በጥቂት ወራት ውስጥ በራሷ ደም ይተካል ብሎ አስረዳቸው። እሱስ ስለ ሰባት ቤት ምን ያውቃል አሉ። ዘውዱ ራሱ ሦስት ቀን ጠፋብኝ። በአራተኛው ቀን መጣና፣ መሬት መሬት እያየ፣ አባትሽን ጠይቀን መልሳቸውን እንጠብቅ አለኝ። ተናደድኩበት፣ ደግሞም አዘንኩለት።

ከዚያ ወዲህ ወንደላጤው ሁሉ ክንዱን ደበቀ። ደሜ የሚሰጣት ነገ የማገባት ልጅ ብትሆንስ ይላሉ። ባለፈው ማክሰኞ ኛታንግ የምትባል የአራት ዓመት ልጅ ከባሮ ማዶ ታዝላ መጣች። ማቀዝቀዣችን ባዶ ነው። እናቷ ራሷ በወባ ትንቀጠቀጣለች፤ ከእሷ መውሰድ አይቻልም። እየሮጥኩ እነዘውዱ መሥሪያ ቤት ሄድኩ፤ ደማቸው እንደሚሆናት ከመዝገቤ የማውቃቸው አራት ወጣቶች አሉ። አንገታቸውን ደፉ። የአራት ዓመት ሕፃን ናት፣ ማን አግቧት አላችሁ ብዬ ጮህኩባቸው። መንገድ ከጀመርኩ በኋላ አንዱ፣ ዱዎት የሚባለው የመዝገብ ቤት ሠራተኛ፣ ሮጦ ደረሰብኝ። ደሙን ወስጄ፣ መርምሬ፣ ወደ ክፍሏ ስገባ ልጅቷ ሞታለች። እናቷ ቀና ብላ አላየችኝም። ከዚያ ቀን ወዲህ፣ ሠራተኛው ፊት አፌን ባልከፍት ኖሮ እላለሁ።

በማግስቱ ለዘውዱ ቁርጡን ነገርኩት። ሰዎቹ የቄስም የዶክተርም ቃል አላመኑም፤ ተጋብተን ካዩን ግን ነገሩ ያበቃል። ጥርን ከጠበቅን ክረምቱ ስንት ሕፃን ይዞ ይሄዳል? እሺ አለ። ነሐሴ ከገባ ፍልሰታ ነው፤ ስለዚህ ሐምሌ 21 ቀን እሑድ እንጋባለን። ሰኞ ጠዋት እዚያው መሥሪያ ቤት አልጋ ዘርግቼ እቀመጣለሁ፤ ሙሽራ ለማየት የሚመጣ ሁሉ ክንዱን ይዞ ይምጣ ብያለሁ። አሥራ ስድስት ሰው ተመዝግቧል፤ ጸሐፊዋም ከተጋባችሁ እኔም እሰጣለሁ ብለዋል። እማማ የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ትለኛለች። እውነቷን ነው፤ የምለቅመው ያፈሰስኩትን ነው።

እማማን፣ እግሯን ስሜ ይቅርታ እጠይቃለሁ ብላለች ይበሉልኝ፤ ለጥር ያሰናዳችውን ጌሾ ለመልሳችን ታቆየው። አቢጋኤልን፣ ሚዜዬ ሳትሆን በመቅረቷ እንዳታኮርፈኝ ይንገሩልኝ። አጎቴን፣ ጎረቤቶቻችንን፣ ስለ እኔ የጠየቀውን ሁሉ ሰላም ይበሉልኝ።

አባባ፣ ይህ ደብዳቤ ከሠርጉ በፊት እንደማይደርስዎ አውቃለሁ። ቢቸና ስልክ ደውዬ ላስጠራዎ እችል ነበር፤ ሁለት ጊዜ ቴሌ በር ላይ ደርሼ ተመለስኩ። እርስዎም እንደ ጸሐፊዋ ያስቡ እንደሆነ አላውቅም። በራስዎ ድምፅ አይሆንም ካሉኝ ግን እምቢ የምልበት አቅም የለኝም።

ልጅዎ
የትናየት ጥዑመልሳን
ጋምቤላ፣ ኒውላንድ
ሐምሌ 13 ቀን 1988 ዓ.ም.