ጥጥ እየዳመጡ ሰው ያዳመጡ፦ የወይዘሮ አማከለች ቢሻው የሕይወት ታሪክ

ወይዘሮ አማከለች ከአባታቸው ከመሪጌታ ቢሻው አንለይ እና ከእናታቸው ከወይዘሮ ድንቅነሽ ታከለ፥ በ1908 ዓ.ም. በነሐሴ ወር፥ ርብ ወንዝ ሞልቶ የፎገራ ሜዳ ባሕር በመሰለበት ሰሞን፥ ከወረታ በስተምዕራብ ባለች አንዲት ሰበካ ይህችን ዓለም ተቀላቀሉ። አዋላጇ በደንገል ታንኳ ተሳፍራ ስትደርስ ሕፃኗ ቀድማት ተወልዳ ነበር። ወይዘሮ ድንቅነሽ ይህን ሲያነሡ፥ "ልጄ በዕድሜዋ የቸኮለችው ያን ዕለት ብቻ ነው" ይሉ ነበር። እውነታቸውን ነው።

መሪጌታ ቢሻው የቤተ ክርስቲያን መምህር ነበሩና ደቀ መዛሙርት ከግቢያቸው አይጠፉም። ለሴት ልጅ ግን ፊደል የሚያስቆጥር በዚያ ዘመን አልነበረም። ወይዘሮ አማከለች ከቤቱ ጀርባ ከእናታቸው ጋር ተቀምጠው፥ ከይፋግ ገበያ የመጣውን ጥጥ በድንጋይ ላይ ዘርግተው፥ በብረት መዳመጫ ቀስ እያሉ እየተጫኑ ፍሬውን ከጥጡ ሲለዩ ይውላሉ። አንድ ቀን አንዱ ደቀ መዝሙር ዳዊት ሲደግም መሐል ላይ ተሰናክሎ ዝም ቢል፥ የቀረውን ቃል ከግድግዳው ጀርባ የልጃገረድ ድምፅ ሞላለት።

መሪጌታ ደንግጠው፥ "ማን ናት እሷ?" አሉ።

ወይዘሮ ድንቅነሽም፥ "ማን ትሆናለች? ልጅዎ ናት። ጥጥ እየዳመጠች ነው" ብለው መለሱ።

መሪጌታ ጥቂት አሰቡና፥ "መዳመጧንስ አላየሁም፤ ማዳመጧን ግን ሰማሁ" አሉ። ከዚያን ዕለት ጀምሮ ልጃቸውን ከወንዶቹ ኋላ አስቀምጠው አስተማሯቸው። ወይዘሮ አማከለች ሌላ ትምህርት ቤት አልገቡም። እጃቸው የገባውን ወረቀት ሁሉ፥ የሳሙና መጠቅለያ ሳይቀር፥ እያነበቡ ነው ዕውቀታቸውን ያሰፉት።

በ1925 ዓ.ም. በፎገራ ከብት እርባታ ከታወቁት ከአቶ ማረው አያልነህ ጋር ጋብቻቸውን በቅዱስ ቁርባን ፈጽመው፥ ደሞዝን፥ ሸዋነሽን እና አመተ ሥላሴን ወልደው ለወግ ለማዕረግ አብቅተዋል። በዚያ ቤት ወንፊት ልዋስ ብሎ የመጣ ጎረቤት ወንፊቱን ረስቶ፥ ያላሰበውን ተናግሮ፥ ቀልሎት ይሄድ ነበር። አቶ ማረው፥ "ሚስቴን ከበሬ ጋር ባስቀምጣት በሬው ኃጢአቱን ይናዘዛል" እያሉ ይቀልዳሉ። ወይዘሮ አማከለችም ቀና ሳይሉ፥ "መናዘዙንስ ይናዘዝ ነበር፤ የእርስዎን ስም እንዳያነሣ ፈርቶ ነው እንጂ" ይሏቸው ነበር።

በ1954 ዓ.ም. ነሐሴ የርብ ውኃ ከልኩ አልፎ ብዙ ቤት ፈረሰ፤ ሰውም ጠፋ። በተከታዩ ጥቅምት አቶ ውባየሁ የሚባሉ ወጣት የማኅበራዊ አገልግሎት ባለሙያ ከአዲስ አበባ መጡ። ሥራቸው ወላጅ የሞተባቸውን፥ ከትዳር ተገፍተው የተመለሱትን፥ ልባቸው የደነገጠውን ወጣቶች ኑሮና የአእምሮ ጤና ማጥናት ነበር። ልጃገረዶቹን ቀርባ የምትጠይቅ፥ ማንበብና መጻፍ የምትችል ሴት ቢፈልጉ፥ ወረታ በሙሉ ወደ አንድ ቤት ጠቆማቸው። ወይዘሮ አማከለችም በአርባ ስድስት ዓመታቸው የጥናቱ መዝጋቢ ሆኑ።

የመጀመሪያው ዙር ጥያቄ በሁለት ሳምንት አለቀ። ከመቶ በላይ ወጣቶች "ጤንነትህ እንዴት ነው? ጤንነትሽ እንዴት ነው?" ተብለው ተጠየቁ፤ የመለሱት ሁሉ "እግዚአብሔር ይመስገን" አሉ። አቶ ውባየሁ ወረቀቱን እያገላበጡ፥ "በፎገራ የታመመ የለም ማለት ነው?" ብለው ተገረሙ።

ወይዘሮ አማከለችም፥ "ልጄ፥ ይህ እኮ መልስ አይደለም፤ ምስጋና ነው" አሏቸው። "ሰላምታው መች አለቀና? ከብቱን ጠይቅ፥ አዝመራውን ጠይቅ፥ ከዚያ ዝም በል። ሰው እውነቱን የሚናገረው ልሂድ ብሎ ከተነሣ በኋላ ነው።"

ሁለተኛው ዙር በእሳቸው ወግ ተሠራ፤ ልጆቹም መናገር ጀመሩ። አንዱ "ሆዴ ባሰኝ" አለ፤ አንዷ "ሆዴ አልችል አለ" አለች፤ ሌላው "ሆዴ ውስጥ ያለውን ማን ያውቅልኛል" አለ። በወረቀቱ ላይ "የሕመሙ ቦታ" የሚል ዓምድ ነበረና ወይዘሮ አማከለች የሰሙትን በታማኝነት "ሆድ" እያሉ ሞሉት፤ ሠላሳ አንድ ጊዜ። ዝርዝሩ ወደ ክሊኒክ ተላለፈ። የክሊኒኩ ጤና ረዳት፥ ድሬሰሩም፥ ሠላሳ አንድ ሆድ ቢያይ ጊዜ ምን ያድርግ፥ ለሠላሳ አንዱም የወስፋት መድኃኒት አደለ። ያን ሳምንት የወረታ ወጣት ወደ ጓያው ማሳ ሲሮጥ ሰነበተ። ይህን ታሪክ ከዚህ ከተሰበሰባችሁት መካከል በእግራችሁ የምታስታውሱት አላችሁ።

አቶ ውባየሁ ሥራዬን አጣሁ ብለው ተጨነቁ። ወይዘሮ አማከለች ግን እንባቸው እስኪወርድ ሳቁና፥ "ጥፋቱ የእኔ ነው። የሐዘን መኖሪያው ሆድ መሆኑን ጽፌ፥ ሐዘን መሆኑን ሳልጽፍ ቀረሁ" አሉ። ከዚያም ያን ዓምድ ሰርዘው በምትኩ "እስካሁን ለማን ነገረ?" የሚል እንዲጻፍ አደረጉ። አብዛኛው መልስ "ለማንም" የሚል ሆነ። አቶ ውባየሁ ጥናታቸው የተጀመረው ያን ዕለት እንደሆነ ኋላ መስክረዋል።

ከመድኃኒቱ ካመለጡት መካከል አንዲት ልጅ ነበረች። በስሟ ትይዩ "መልስ የለም" ተብሎ ተጽፎ ነበርና። ይርገዱ ትባላለች፤ ዕድሜዋ ዐሥራ አራት ነው። እናቷን ውኃ ከወሰዳት ከነሐሴ ጀምሮ አንድ ቃል ከአፏ አልወጣም። ያስጠጓት አጎቷ አቶ አበረ ያላደረጉት አልነበረም፤ ተስፋ ሲቆርጡ ግን አስረው ሩቅ አገር ወስደው፥ የሚጠይቃት ዘመድ ከሌለበት ጠበል አድርሰዋት ሊመለሱ ቆረጡ።

ወይዘሮ አማከለች ከነፍስ አባታቸው ከቄስ ኃይለ ሚካኤል ጋር ሄደው ለመኗቸው። ቄሱም፥ "አበረ፥ ጠበሉ መድኃኒት ነው፤ ልጅን ጥሎ መምጣት ግን መድኃኒት አይደለም" አሏቸው።

አቶ አበረ ክፉ ሰው አልነበሩም፤ ደክሟቸው ነው። "አባቴ፥ ቤቴ ያለቀሰ እንጂ የሳቀ ከጠፋ ሦስት ወር ሆነው። ልጆቼም መፍራት ጀመሩ" ካሉ በኋላ፥ "እሽ፥ እስከ ጥምቀት። ከጥምቀት አንዲት ቀን አልጨምርም" አሉ።

ወይዘሮ አማከለች ልጅቷን በየማለዳው እየመጡ ይዘዋት ይሄዳሉ። ከጎናቸው ያስቀምጧታል፤ ፊት ለፊት አይደለም። አንድ ድንጋይ፥ አንድ መዳመጫ፥ አንድ እፍኝ ጥጥ ይሰጧታል። ከዚያ ሁለቱም ሲዳምጡ ይውላሉ። ኅዳር አለቀ። ታኅሣሥም ገባ። መንገደኛው "እመት አማከለች፥ ዛሬም ሁለት ዱዳ ሆናችሁ?" እያለ ያልፋል። አቶ ውባየሁ ደብተራቸውን ይዘው መጥተው፥ "ለምን አይጠይቋትም? ቀኑ እኮ እየሄደ ነው" ቢሉ፥ "ጥጥ ስትዳምጥ ቸኩለህ ከተጫንህ ፍሬው ይፈረከሳል፤ ጥጡም ይበላሻል። ቀስ ካልህ ፍሬው ራሱ ዱብ ይላል" አሏቸው። ይህን ብለው ግን ለነፍስ አባታቸው፥ እንዳይመሽብኝ ፈርቻለሁ ብለው እንደተናገሩ ቄስ ኃይለ ሚካኤል አሁን ፈቅደው ነግረውናል። ሌሊቱን በጸሎት፥ ቀኑን በጥጥ ገፉት።

ከገና ማግስት ፀሐይ ሞቅ ሲል፥ ይርገዱ መዳመጫዋን አቆመችና፥ "እሜቴ፥ ፍሬውን እኮ ከጥጡ ጋር መልሰው እየቀላቀሉት ነው" አለች።

ወይዘሮ አማከለች እጃቸውን አዩ። እውነትም የለቀሙትን ፍሬ ሁሉ ወደ ጥጡ ሲመልሱ ነበር። "ውይ፥ ዓይኔ ደክሞ ነው። በይ እስቲ ልቀሚልኝ" አሉ እንጂ ሌላ አልተናገሩም። አቶ ማረው እስከ ዛሬ ድረስ "ሆን ብላ ነው፤ ዓይኗ እንኳን ፍሬ የቁንጫ እግር ይቆጥራል" ይላሉ። ወይዘሮ አማከለች ግን ይህን ምሥጢር ይዘውት ሄደዋል።

በሦስተኛው ቀን ልጅቷ ያልተጠየቀችውን ተናገረች። በዚያ የውኃ ዕለት እናቷ እጇን ይዛ ስታወጣት፥ እሷ ግን የታሰረችውን ጥጃ ለመፍታት አምልጣ ተመለሰች። እናቷም እሷን ፍለጋ ተመለሰች፤ ውኃውም መጣ። "እኔ ነኝ የገደልኋት" አለች።

ወይዘሮ አማከለች "አይደለሽም" ብለው አልተቻኮሉም። መዳመጫውን አስቀምጠው፥ "ጥጃዋስ ዳነች?" ብለው ጠየቁ።

"ዳነች።"

"አንችም ዳንሽ። እናትሽ የተመለሰችለት ሁሉ ተርፏል ማለት ነው። ለፍታ አልቀረችም ልጄ።"

ያን ጊዜ ልጅቷ አለቀሰች፤ እስከ ማታ አለቀሰች። ወይዘሮ አማከለችም አብረዋት አለቀሱ። አቶ አበረ ሊወስዷት ሲመጡ "አጎቴ፥ ዛሬ ደክሞኛል፤ ቀስ ብለን እንሂድ" አለቻቸው። እኒያ ጠንካራ ገበሬ ከመንገዱ ዳር ቁጭ ብለው ፊታቸውን በጋቢያቸው ሸፈኑ። ሊሸጧት ያሰቧትን ያችን ጥጃ በማግስቱ አምጥተው፥ "ያንችው ናት" ብለው ለይርገዱ ሰጧት። ለጥምቀት ልጅቷ ከእኩዮቿ ጋር ታቦት ሸኘች፤ ዘፈነችም። ድምፇ ሸካራ ነበር፤ ማንም ግን አልተቸም።

ከዚያ በኋላ የወይዘሮ አማከለች ግቢ ማክሰኞና ሐሙስ በወጣት ይሞላ ጀመር። ሴቶቹ ይዳምጣሉ፤ "ይህስ የሴት ሥራ ነው" ያሉት ወንዶች ደጋን ተሰጥቷቸው ጥጡን ይነድፋሉ። ከአንበሳሜ ድረስ የሚመጣ ነበር። ያን ጥጥ ሸማኔ ሠርቶት የለበሰው ድሃ ቁጥሩን እግዚአብሔር ያውቀዋል። አቶ ውባየሁ ጥናታቸውን በ1957 ዓ.ም. አሳትመው አንዱን ቅጂ ላኩላቸው። ወይዘሮ አማከለች ሦስት ጊዜ አንብበው፥ በቀይ እስክሪብቶ አርመው መለሱላቸው፤ "ምስጋናው በዝቷል። 'ሐዘን' ግን በሐመሩ ሐ ነው፤ በሀሌታው ሀ ስትጽፈው ይቀላል" የሚል ደብዳቤም አያያዙ። አቶ ውባየሁ ያን የታረመ ቅጂ ከቢሮአቸው ግድግዳ ላይ ሰቅለውታል። ይርገዱም ከእሳቸው ሥር ፊደል ቆጥራ፥ ጥናቱ በ1960 ዓ.ም. ሲደገም መዝጋቢ ሆና በመንበራቸው ተቀመጠች።

በ1961 ዓ.ም. ክረምት እግራቸው እያበጠ፥ ትንፋሻቸው እያጠረ መጣ። በመስከረም ልጆቻቸው ወደ ዋንዛዬ ፍል ውኃ ወሰዷቸው። እዚያም በሽተኛው ሁሉ ከበባቸውና ሊታጠቡ ሄደው ሰው ሲያጥቡ ሰነበቱ። ከተመለሱ በኋላ ደዌው ቢበረታም ግቢያቸው አልተዘጋም። ኅዳር 17 ቀን 1962 ዓ.ም. ማለዳ፥ ከቅዳሴ ደወል በኋላ፥ ቀኝ እጃቸው በባላቸው ግራ እጃቸው በይርገዱ እጅ ሳለ፥ በተወለዱ በ53 ዓመታቸው እንደ ልማዳቸው በዝግታ አረፉ።

ወይዘሮ አማከለች ባላቸውን አቶ ማረውን፥ የወለዷቸውን ሦስት ልጆች፥ ሰባት የልጅ ልጆችን፥ እንዲሁም ሳይወልዷት ልጃቸው የሆነችውን ይርገዱን ከነሕፃን ልጇ ትተውልን ሄደዋል።

ይህ ጽሑፍ ሲዘጋጅ ማን ያንብበው በሚለው ቤተ ሰቡ ተመካክሮ ነበር። ድምፀ መረዋ የሆኑ ሰዎች ተጠቁመው ነበር። አቶ ማረው ግን፥ "ድምፁ ያማረ ሞልቷል። አማከለች የደከመችበት ድምፅ ግን አንድ ነው" አሉ። ቄስ ኃይለ ሚካኤልም ፈቀዱ። ስለዚህ፥ ወገኖች፥ ከመጀመሪያው ቃል ጀምሮ ስትሰሙት የቆያችሁት ድምፅ የይርገዱ ነው።

ከአፍ ያልወጣውን የሚሰማ አምላክ የእናታችንን ነፍስ ከደጋጎቹ ማኅበር ይደምርልን፤ እናንተን የመጣችሁትን ሳትናገሩ የሚገባው ወዳጅ አያሳጣችሁ። አሜን።