የኤድንብራው መርዶ

ማክሰኞ፣ ኅዳር 10 ቀን 1989 ዓ.ም.

አልነገርኋቸውም። ረፋድ ላይ የአሠሪዬ ጸሐፊ ከቢሮ ደውላ፣ «የጋሼ ኢያን ወንድም አገራቸው ኤድንብራ ውስጥ አርፈዋል፤ ከናዝሬት እንደተመለሱ ንገራቸው፤ ማታ አውሮፕላን አለ» ብላኝ ነበር። እኔ የወሎ ልጅ ነኝ፤ ብቻውን ለሚኖር ሰው፣ ያውም በምሽት፣ መርዶ እንዴት አረዳለሁ? ባለሱቁን ጋሽ እንድሪስን አማከርኋቸው።

«ይደርና ጎሕ ሲቀድ ጎረቤት ይዘን እንገባለን» አሉኝ። «አንተ ግን ፊትህ ራሱ መርዶ ነው፤ ሰብሰብ አድርገው።»

ጋሼ አመሻሹ ላይ ደስ ብሏቸው ገቡ። እኔን፣ ዘበኛቸውን፣ ልብ ብለው እንዳያዩኝ ስለ ከተማቸው ጠየቅኋቸው። ምነው ባልጠየቅሁ። ዓለት ላይ ስለ ተሠራው ግንብ፣ በሚያስተኛ መድኃኒት የሴቶችን ምጥ ስላቀለለው ሐኪም፣ ስለ ንግድ ስለ ጻፈው ሊቅ፣ እዚያ ተምሮ ኋላ እስከ ጎንደር ስለ መጣው መንገደኛ አጫወቱኝ።

«ይህን ሁሉ ያስተማረኝ ታላቅ ወንድሜ ነው» አሉ። «እንግዶችን ከመቃብር መቃብር እየወሰደ ያስጎበኛል። ከሕያዋን ይልቅ ሙታኑ ያውቁታል።»

ሳቁ። እኔም አብሬ ሳቅሁ። ሳቃችን ሳያበቃ የማታው አውሮፕላን በላያችን አለፈ።

ረቡዕ፣ ኅዳር 11

ጎሕ ሲቀድ ከጎረቤቶች ጋር ገባን። ጋሽ እንድሪስ ነገሯቸው። ጋሼ አላለቀሱም፤ ወደ እኔ ዞሩ።

«መቼ ሰማህ?»

«ትናንት ረፋድ።»

«ማታ ስለ እሱ ሳወራ ታውቅ ነበር?»

«አውቅ ነበር» አልሁ። ቀብሩ ዓርብ ነው፤ ቀጣዩ አውሮፕላን ቅዳሜ።

ጋሽ እንድሪስ፣ «ያገራችን ወግ ነው፤ ልጁን አይቆጡት» ብለው ለመኑልኝ።

«ወጉን አውቃለሁ፤ ሃያ ዓመት ኖሬበታለሁ። ወንድምየው ግን የእኔ ነው።»

ወግ ያልሁት ግማሹ ፍርሃት ነበር። ይህንን ለማንም አልተናገርሁም።

ዓርብ፣ ኅዳር 13

ሐሙስ ቀኑን ሙሉ አላናገሩኝም። ሥራዬን እንደማጣ እርግጠኛ ነበርሁ። ዛሬ በቀብሩ ሰዓት ወደ በሩ መጥተው አጠገቤ ቆሙ።

«ሰይድ፣ እናትህ ብትሞት፣ እኔ ሰምቼ እንድደብቅህ ትፈልጋለህ?»

ጎረቤት ይዘው ይምጡ ልል አፌን ከፈትሁ። እናቴ ያለችው የሁለት ቀን መንገድ ርቃ ነው።

«ወዲያው ይንገሩኝ» አልሁ።

ራሳቸውን ነቀነቁ። ይቅር ብለውኝ ይሁን አላውቅም። ብቻ፣ ነገ ሻንጣቸውን ይዤ እስከ ኤርፖርት እንድሸኛቸው ነግረውኛል።