የማይገዛው ደንበኛ

ልጄ፣ በሄድሽበት ሁሉ ክፉ አይይሽ። እኛ ደህና ነን፤ ጉልበቴን ብቻ ያመኛል።

አባትሽ፣ የሚያመርተውን ቲማቲም የሚገዛው ሱፐርማርኬት «ለሌላ አትሽጥ» ስላለው የድሮ ደንበኞቹን ሁሉ ተወ። ሱፐርማርኬቱ ሌላ ገዢ እንደሌለው ሲያይ ዋጋ ቀነሰበት፤ ዘንድሮ ጭራሽ «ቲማቲምህ ትንንሽ ነው» ብሎ ጭነቱን መለሰበት። ደጃችን ላይ በሰበሰ።

አሁን ጠዋት ጠዋት እዚያው ይሄዳል። አይገዛም። የሰው ቲማቲም እያገላበጠ፣ የተቀጠፈበትን ጎን ወደ ታች አድርጎ ይደረድራል። ትናንት ጥበቃው «አባባ፣ ካልገዙ አይንኩ!» ብሎ ክንዱን ይዞ አስወጣው።

«እንዳይበላሽ ብዬ እኮ ነው» አለኝ፣ እንደ ልጅ።

አንቺም ባለሽበት ከተማ ሱፐርማርኬት ውስጥ አትክልት እንደምትደረድሪ አልነገርኩትም። ፈጣሪ ከደግ ሰው ያገናኝሽ። አደራሽን፣ ቲማቲም የሚነካኩ ሽማግሌ ከመጡ አትቆጫቸው፤ «አባባ፣ እንዴት አደሩ?» በያቸው።

እናትሽ