ማርሊስ ብቻ የምትላት ቃል

ለውድ እህቴ ለቬርና፦

ይህ ወረቀት እጅሽ ሲገባ አንቺም ሮንም ልጆቹም በሙሉ ጤና ሆናችሁ ይድረሳችሁ። ለመሆኑ ጉልበትሽ እንዴት ነው? ደረጃ መውጣት ጀመርሽ? ሮንስ ከዚያ ከጥርሱ ነገር ተገላገለ? ፊኒክስ ከአሁኑ ሙቀቱ አላስቀምጥ ብሏል ሲሉ ሰማሁ፤ እኛ ጋ ባለፈው ሐሙስ በረዶ ጥሏል። እኛ ደህና ነን። ባለቤቴ ኮኒ ደህና ናት፣ የኔም ወገብ እንደ ልማዱ ነው። እማዬም ደህና ናት፤ የእሷ ግን ብዙ ወሬ ስላለው ቆይቼ እመጣበታለሁ። ስልክ እያለ ምን ደብዳቤ አስጻፈህ እንደምትዪ አውቃለሁ። በስልክ ገና አፌን ሳልከፍት ትቆጪኛለሽ፤ ደብዳቤ ግን እስከ መጨረሻው ዝም ብሎ ያናግርሻል። ቅዳሜ ከመሳፈርሽ በፊት እንዲደርስሽ ብዬ በፈጣን ፖስታ ልኬዋለሁ።

ለገና ያልሽኝን አልረሳሁም። እማዬ እስከ ፋሲካ ከቤት መውጣት ካልጀመረች መጥቼ እወስዳታለሁ፣ ከእኔ ጋር ትሂድ ብለሻል። እውነትሽን ነው፤ ከኦክቶበር ወዲህ የቤቷን ደፍ አልፋ አታውቅም ነበር። ምክንያቱን ግን እንዳትነግራት ብላ አስምላኝ ስለነበር ደብቄሽ ኖሬያለሁ። ዛሬ ፈቅዳልኛለች።

ዓይኗ አሁን ብርሃንና ጨለማን ብቻ ነው የሚለየው። በኦክቶበር አንድ እሑድ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ መዝሙሩ አልቆ ሰው ሁሉ ሲቀመጥ እሷ አላየችም። ስለ ቤተ ክርስቲያኑ የፍሳሽ ጉድጓድ ጥገና ረጅም ማስታወቂያ ሲነበብ፣ የኛ እናት የመዝሙር መጽሐፏን ደረቷ ላይ አድርጋ ብቻዋን ቆማ ሰማችው። ከኋላዋ የተቀመጠችው በርኒስ ቀስ ብላ ቀሚሷን ሳብ ብታደርጋት፣ እማዬ የባለጌ እጅ መስሏት ዞራ እጇን በመጽሐፉ አቀመሰቻት። ሰው ሳቀ። እሷም አብራ ሳቀች። እቤት ስንደርስ ግን ኮቷን ሳታወልቅ፣ "ሰማንያ ስድስት ዓመት ኖሬ መሳቂያ አልሆንም፤ በቃኝ" አለች። አጠገብሽ ተቀምጬ ክንድሽን ነካ ባደርግሽስ ብላት፣ "እኔ ላም ነኝ እየጎነተልክ የምታስነሳኝ?" ብላ አፈጠጠችብኝ።

ብርሃን ከጨለማ ትለያለች ብዬሻለሁ። ታዲያ በጃንዋሪ ያ የተዘጋው ትምህርት ቤት የቲያትር መብራቶቹን ከነመቆጣጠሪያ ሰሌዳው ለቤተ ክርስቲያኑ ሲሰጥ አንድ ሐሳብ መጣልኝ። እሷ በምትቀመጥበት በግራ በኩል ያለው ግድግዳ ሰው ሲነሳ ቢጫ ቢሆን፣ ሰው ሲቀመጥ ደግሞ ቢጠፋ፣ ማንም ሳይነካት ማንም ሳያውቅባት ትነሳለች፣ ትቀመጣለች። ለእማዬ ብነግራት፣ "እስቲ መጀመሪያ አንተ ተማረው" አለችኝ። መብራቱን የምታውቀው ደግሞ ማርሊስ ብቻ ናት። ያቺ ሠላሳ ዓመት በእህል ማኅበሩ ሬዲዮ የጭነት መኪኖችን ስታዝ የኖረችው ማርሊስ! እየፈራሁ ሄጄ አስተምሪኝ አልኳት።

ሥራው ሲያዩት ምንም አይመስልም። ለእያንዳንዱ የመብራት ለውጥ ቁጥር ትሰጪዋለሽ፤ የትኛው አምፖል፣ ምን ያህል ይድመቅ፣ በስንት ሰከንድ ይለወጥ ብለሽ ትመዘግቢያለሽ። እሑድ እሑድ አንዷን አረንጓዴ ቁልፍ በተጫንሽ ቁጥር ተራው የደረሰው ለውጥ ይመጣል። ማርሊስ ታች ከመዘምራኑ ጎን የአምልኮውን ቅደም ተከተል ይዛ ትቀመጣለች፣ እኔ ሰገነቱ ላይ ማዳመጫ ጆሮዬ ላይ አድርጌ እጠብቃለሁ። "ሂድ" ስትለኝ እጫናለሁ። በገዛ ራሴ ፈቃድ መጫን ክልክል ነው።

"ስማ ሃርላን" አለችኝ የመጀመሪያ ቀን። "ከዛሬ ጀምሮ 'ሂድ' የምትባለው ቃል የኔ ናት። ሽንትህ ቢመጣ 'ልውጣ' በል። ቤትህ ተቃጠለ ቢሉህ 'ልነሳ' በል። ያቺን ቃል ግን እንዳትተነፍሳት!" ሙያ ነው ብዬ ተቀበልኩ። ይኸው ኮኒም ለምዶባት ድመቷን ከወጥ ቤት ስታባርር "ውጪልኝ" ነው የምትላት።

አርባ ዓመት የተማሪ አውቶቡስ የነዳ ሰው አንዲት ቁልፍ አታቅተውም ብለሽ እንዳትሳሳቺ። በመጀመሪያው እሑድ፣ ስብከቱ ሲጀመር መብራቱ በአራት ሰከንድ ትንሽ እንዲደበዝዝ ላዝዝ ብዬ፣ በአርባ ደቂቃ ቀስ እያለ ጨርሶ እንዲጠፋ አድርጌ መዝግቤው ኖሯል። ፓስተር ሉንድግሬን እየሰበኩ መነጽራቸውን ያወልቃሉ፣ ይጠርጋሉ፣ መልሰው ያደርጋሉ። ማክሰኞ ለዓይን ሐኪም ቀጠሮ መያዛቸውን ስሰማ ሄጄ ጥፋቴን ተናዘዝኩ። "ተመስገን፣ እኔ እኮ ኑዛዜ ልጽፍ ነበር" አሉኝ።

እንዲህ እንዲህ እያልኩ ትናንት የሆሳዕና እሑድ ደረሰ። እማዬ፣ "አንድ ጊዜ ልሞክርልህ፤ ካፈርኩ ግን ቬርና ሻንጣዬን ትሸክፍ" ብላ ሰማያዊ ቀሚሷን ለበሰች። ቬርና፣ እውነቱን ልንገርሽ፣ ሰገነቱ ላይ ወጥቼ የመዘገብኳቸውን ለውጦች ሁለት ጊዜ ቆጠርኳቸው። የመጀመሪያው መዝሙር ላይ ማርሊስ "ሂድ" አለችኝ፣ ተጫንኩ፣ ግድግዳው ቢጫ ሆነ፤ እናታችን ከሰው ሁሉ ጋር እኩል ብድግ አለች። ስትቀመጥም እኩል ተቀመጠች። እኔ እዚያው ላይ ሆኜ እንባዬ መጣ።

ጉዱ የመጣው ከዚህ በኋላ ነው። ማርሊስ ጉንፋን ይዟት ድምጿ ጎርንኖ ነበር። ስብከቱ ሲጀመር ጭራሽ ተዘጋና ማዳመጫው ውስጥ የሚሰማኝ ሽሽሽ የሚል ነገር ብቻ ሆነ። የፓስተሩ ስብከት ደግሞ፣ እንደ ዕድሌ፣ ጎረቤትን ስለ መጠየቅ ነበር። ድንገት ጣታቸውን ቀስረው "አንተ ተቀምጠህ የምትሰማ ሰው፣ ሂድ!" አሉ። ጎርናና ድምፅ "ሂድ" ካለኝ ማርሊስ ናት ብዬ ተጫንኩ። ተራው ከስብከቱ በኋላ ያለው መዝሙር ነበርና ግድግዳው ቢጫ ሆነ። እማዬ ተነሳች። በርኒስ መጽሐፉን የቀመሰችው እጇ ትዝ ብሏት ነው መሰለኝ ተከትላት ብድግ አለች፤ ከዚያ መደዳው፣ ከዚያ ቤተ ክርስቲያኑ በሙሉ። የኛን ሰው ታውቂው የለ? ብቻውን ተቀምጦ ከመታየት ሞቱን ይመርጣል።

ፓስተር ሉንድግሬን በአሥራ ዘጠኝ ዓመት አገልግሎታቸው ከኛ አንዲት "አሜን" እንኳ አግኝተው አያውቁም። ስብከታቸው ልብ የነካ መስሏቸው ዓይናቸው እንባ አቀረረ፣ ድምፃቸውም ከፍ አለ። "ሂድ!" አሉ፤ ተጫንኩ፣ ሕዝቡ ተቀመጠ። "ሂድ ብዬሃለሁ!" ተነሳ። ማርሊስ ለካ "ተው! አትንካ!" እያለች በተዘጋ ድምጿ ስትጮህ ኖሯል፤ እኔ ግን የሽቦው ችግር ነው ብዬ ማዳመጫውን ጠበቅ አደረግኩት። እሳቸው በተጋሉ ቁጥር እኔ ተጫንኩ፣ እኔ በተጫንኩ ቁጥር እሳቸው ባሰባቸው። ለስድስተኛ ጊዜ "ሂድ!" ሲሉ የመጨረሻው ተራ ደርሶ ኖሮ መብራቱ ሁሉ ጠፍቶ የምግብ አዳራሹ በር ላይ ያለው ብቻ በራ። ይህ የመሰነባበቻ ምልክታችን ነው። ስብከቱ ገና ግማሽ ላይ ነበር፤ ሕዝቡ ግን ሂድ ተብሎ ሄደ። ለምሳ የተዘጋጀውን የአሳማ ሥጋና የድንች ጥብስ ከቦ ተገኘ። ፓስተሩ በኋላ፣ "ሂድ ያልኩት እኔ፣ ማንን ልቆጣ?" አሉኝ።

እኔ ግን አንዱም አላሳቀኝም። እማዬን በገዛ እጄ አዋረድኳት ብዬ ልቤ ተሰበረ። ሻንጣዋን ስትሸክፊ ታየኝ። መኪና ውስጥ አስገብቻት ጉዞ ጀመርን። ከዚያ ትከሻዋ መንቀጥቀጥ ጀመረ። አለቀሰች ብዬ መኪናውን ዳር ሳቆም፣ ለካ እየሳቀች ነው።

"ስህተት መሆኑን ከመጀመሪያው አውቄዋለሁ" አለችኝ። "መዝሙር ሊጀመር ሲል የኦርጋኑ ወንበር ሲጢጥ ይላል፤ ዓይኔ እንጂ ጆሮዬ አልታወረም። ወንበሩ ሲጢጥ አላለም።"

"ታዲያ ለምን ተነሳሽ?" አልኳት።

"ልጄ ተነሺ ሲለኝ ተቀምጬ ላሳፍርህ ነው? ከሁለታችን አንዱ ማፈሩ ካልቀረ እኔ ብቻዬን መቆሙን ለምጄዋለሁ ብዬ ተነሳሁ።" ቀጥላም፣ "ከኋላዬ የሰው ሁሉ ኮቴ ተሰማኝ፣ ሃርላን። ሁሉም ተነሱ" አለችኝ።

መሪውን ይዤ አለቀስኩ ቬርና፣ ምን ልደብቅሽ።

በይ እንግዲህ፣ ለሮን ሰላምታዬን አቅርቢልኝ፤ የተዋሰኝን መሰርሰሪያ አልረሳሁትም በይው። የሁለቱን ሴቶች ልጆችሽን ጉንጭ ሳሚልኝ። ኮኒን በጣም ናፍቀሻታል፣ ያን የሎሚ ኬክ አሠራሩን ጽፈሽ ይዘሽላት ነይ። በርኒስም ሰላም ብላሻለች፤ እጇ ደህና ነው።

እማዬ አጠገቤ ሆና የምጽፈውን እያስነበበችኝ ነው። ቃል ሳትጨምር ሳትቀንስ ጻፍልኝ ያለችው ይህን ነው፦ "ቬርና ቅዳሜ ትምጣ፣ አልጋዋን አንጥፌ እጠብቃታለሁ። ሻንጣ ግን የራሷን ብቻ ትያዝ። እማዬ ትሂድ ብላለች አሉ፤ ያቺን ቃል እዚህ አገር ማርሊስ ብቻ ናት የምትላት። ማርሊስ ደግሞ ድምጿ እስካሁን አልተከፈተም።"

ወንድምሽ ሃርላን

ዌልስፎርድ፣ ነብራስካ
ሰኞ፣ ማርች 30